ሰባት ቢጫ ቀሚስ

«እማማ፣ የትኛው ሳሙና ነበር? ሰማያዊው ነው ቢጫው?»

ሱላባ ባልዲዋን ከቧንቧው ሥር አድርጋ ነበር። እዚህ ግቢ ውሃ የሚመጣው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ በዚያ መሃል ሰው ቢሞት እንኳ መጀመሪያ ባልዲው ይሞላል፣ ለቅሶው ከዚያ በኋላ ነው። ቀና ስትል ግቢው ውስጥ የሚቀረጸው ፊልም የልብስ ኃላፊ ከፊቷ ቆሟል፤ ፀጉሩን በላስቲክ ያሰረ፣ ድምፁ የለሰለሰ ጎልማሳ። በቀኝ እጁ ሰማያዊ፣ በግራው ቢጫ ሳሙና ይዟል። ከኋላዋ ያለው የውሃ ሰልፍ ጸጥ አለ። ሃያ አራት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ በሚጣላበት ግቢ ሴቶች በውሃ ሰልፍ ላይ ጸጥ አሉ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የኖረበት ሰው ነው።

«ሰማያዊው» አለች ሱላባ። ከዚያ ሳትጠየቅ፣ «ያኔ አሥር ሩፒ ነበር፤ አሁን አሥራ አራት ገብቷል» ብላ ጨመረች። ዋጋውን ለምን እንደነገረችው ለራሷም አልገባትም። ሰውየው ግን ከልቡ አመስግኖ በደብተሩ ላይ ጻፈና ቢጫውን ሳሙና ኪሱ ከተተው። ከሰልፉ ውስጥ ጎረቤቷ ፕራሚላ፣ «ሳሙናውንስ ጠየቁ፤ ውሃው ቀዝቃዛ ነበር ሙቅ ብለው ደግሞ ይምጡ» አለች። አንዲት ሁለት ሴቶች ሳቁ። ሱላባ ባልዲዋን አንስታ ደረጃውን ወጣች።

ነገሩን የቦምቤይ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከአራት ዓመት በፊት የሱላባ ታላቋ ልጅ ሬቫቲ ከሥራ ስትመለስ፣ የውሃ ቦቴ ባለቤቱ ልጅና ሁለት ጓደኞቹ በተዘጋው የጥጥ ፋብሪካ ግንብ ውስጥ ይዘዋት ገቡ። ልጅቷ በእግሯ ነው ወደ ቤት የመጣችው። እናቷ ገላዋን በሙቅ ውሃና በእርድ አጠበቻት፣ አስተኛቻት፣ ቢጫ ቀሚሷን ደግሞ ወደ ግቢ አውርዳ ድንጋዩ ላይ አሽታ አጠበችው። በሦስተኛው ቀን ሬቫቲ ሆስፒታል ውስጥ ሞተች። ቀሚሱ ለምርመራ ሲላክ ከሳሙና በቀር ምንም አልተገኘበትም። ዳኛው፣ «ማስረጃው በገዛ እናቷ እጅ ጠፍቷል» ብለው ሦስቱንም ለቀቁ። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጋዜጣ ላይ ወጣች፤ ከጋዜጣው ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ ሰው አፍ ገባች። አሁን ደግሞ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ተብሎ ፊልም ሊሆን ነው፤ ያውም እዚሁ ግቢ፣ እዚሁ ድንጋይ ላይ።

ሱላባ የምታውቀው፣ ዳኛው የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ያን ማታ እጠቢው ያላት ሰው አለ። የባሏ ታላቅ ወንድም ዳታራም ነው። ባሏ ሳንባው በጥጥ ብናኝ ተበልቶ ከሞተ ጀምሮ የቤቱ ኪራይ ወረቀት በዳታራም ስም ነው፤ እሱ ሁለት በር አልፎ ይኖራል፣ የቤተሰቡ ታላቅም እሱ ነው። ፍርድ ቤት ስትቆም ከኋላዋ ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እሷም ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የሱላባ ዝምታ ግን ነቅዟል፤ አራት ዓመት ሙሉ ከውስጥ ሲበላት ኖሯል። ዛሬ ፊልም ቀራጮቹ ወደ ድንጋዩ ትዕይንት እንደሚደርሱ ከሰማች ወዲህ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያቺ የዳታራም ቃል ፊልሙ ውስጥ እንድትገባ። እንዲታሰርላት አይደለም፣ እንዲከፍላት አይደለም። አገር እንዲሰማው ብቻ።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከእንጨት በረንዳው ወደ ታች ስታይ ግቢው ውስጥ ገመድ ተወጥሯል። ገመዱ ላይ የሬቫቲ ቢጫ ቀሚስ ተሰጥቷል፤ አንድ ሳይሆን ሰባት። ሰባቱም የአንገታቸው ጥልፍ አንድ፣ የግራ እጅጌያቸው ቅዳጅ አንድ፣ ታች ያለው እድፋቸው አንድ። የልብስ ኃላፊው ብሩሽና ትንሽ ብልቃጥ ይዞ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ እድፉን ያስተካክላል፤ ራቅ ይላል፣ አንገቱን ያዘነብላል፣ ተመልሶ ጠብታ ይጨምራል። ሱላባ የበረንዳውን ብረት ያዘች። ያቺን ቀሚስ ለዲዋሊ በዓል ከመንገድ ዳር በአራት መቶ ሃምሳ ሩፒ ተከራክራ የገዛቻት እሷ ናት፤ ሻጩ አንዲት ብቻ ቀርታለች፣ ሌላ የላትም ብሏት ነበር። «ሰባት ምን ያደርግላችኋል?» ብላ ወደ ታች ጠየቀች። ሰውየው በአክብሮት፣ «አንዱ ሲበላሽ ሌላ ይቀየራል፣ እማማ። ትዕይንቱ ደጋግሞ ነው የሚቀረጸው» አላት።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንደ ወጉ ካሜራው ፊት ኮኮነት ይሰበራል። ዳይሬክተሩ ኡዳያን የሚባል፣ ከካልካታ የመጣ፣ ሰላሳውን ገና ያለፈ ልጅ ነው፤ ለሁሉም ሰው ዝቅ ብሎ እጅ ይነሳል። «ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቢሰብርልን ደስ ይለናል» አለ። ዓይኑ ሱላባ ላይ አረፈ። ግን ባል የሞተባትን ሴት ለመልካም ጅምር ማንም አይጠራም፤ ይህን ከካልካታም ቢመጣ ያውቀዋል፤ ዓይኑ አለፋት። ዳታራም የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ግንባሩን ቀይ ተቀብቶ ወጣ። ኮኮነቱን ከድንጋዩ ጋር አንዴ አጋጨው፤ ሁለት ቦታ እኩል ተከፈለ። ሰው አጨበጨበ። ሱላባ ከአራት ዓመት በፊት ጉልበቷን ያስደገፈችበት ድንጋይ ላይ የኮኮነቱ ውሃ ፈሰሰ። ቁራጩን በስኳር ሲያዞሩ ለእሷም ደረሳት፤ በላችው።

የመጀመሪያው ትዕይንት የልጅቷ አጎት፣ የዳታራም ነው። «ድምፅ!» ሲባል የግቢው ነገር ሁሉ ይሞታል፤ በሃያ አራቱ ቤት ያለው አየር ማራገቢያ ይጠፋል፣ እንፋሎት የሚያፏጨው ድስት ከእሳት ይወርዳል፣ ሕፃን ያለው ይዞ ይወጣል። ፒንቶ የሚሉት ጢማም የድምፅ ሠራተኛ ጆሮውን በትልቅ ማዳመጫ ሸፍኖ፣ ጫፉ ላይ ፀጉር የለበሰ ማይክሮፎን ያለበት ረጅም እንጨት ከሰው ራስ በላይ ይዘረጋል። ያቺ ፕራሚላ እንኳ አፏን ይዛ ቆመች። አጎት ሆኖ የሚጫወተው ሰው በሩን በርግዶ ገባ፤ ዱላ አነሳ፤ «ዛሬ የቦቴውን ሰውዬ ደሙን ካልጠጣሁ!» አለ፤ ሴቶች እየተላቀሱ ያዙት። ሱላባ ትዝ አላት። ያን ማታ ዳታራም ዱላ አላነሳም። ሻይ ጠጣ። ሻዩ ዝንጅብል አንሶታል አለ። አሁን እዚያ ጥላ ሥር በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ፣ በተዋናዩ ቁጣ ራሱን ይነቀንቃል፤ ዓይኑም እንባ አቅርሯል። እንባው የውሸት አይደለም። ሰው ደጋግሞ የተናገረውን ጀግንነት መጨረሻ ላይ ራሱም ያምነዋል።

በሻይ ሰዓት ሱላባ ኡዳያንን ብቻውን አገኘችው። ደረጃው ሥር ተቀምጦ የሃያ ሩፒውን የድንች ጥብስ በዳቦ ይበላል። ሲያያት ብድግ አለ።

«ልጄ፣ እኔ ከራሴ አንቅቼ አላጠብኩትም» አለችው። «እጠቢ ተብዬ ነው።»

«ማን አለዎት፣ እማማ?»

ወደ ፕላስቲኩ ወንበር አየች። ኡዳያን ተከትሎ አየ። ዳቦውን በወረቀቱ ጠቀለለ። ሱላባ ጥሩ ልጅ ነው ስትል አሰበች፣ ጥሩም ነው።

«ለታሪኩ የፈረሙልን እሳቸው ናቸው» አለ በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የቤተሰቡ ቃል ተብሎ ወረቀት ላይ የሰፈረው የእሳቸው ነው። ከዚያ ውልፍት ብል ነገ ጠበቃ ይልኩብኛል፤ ይህ ሁሉ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል። ደግሞ ሌላም ነገር አለ። እናትየዋ ብቻዋን ስትሳሳት ነው ተመልካች የሚያለቅሰው። እጠቢ ያላት ካለ ግን ይናደዳል እንጂ አያለቅስም።»

«ይናደድ እንጂ» አለች ሱላባ።

ኡዳያን እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «እናያለን፣ እማማ» አላት። በዚህ ከተማ እናያለን ማለት አይሆንም ማለት ነው። ሱላባም ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰምታዋለች፤ በሆስፒታል ሰምታዋለች፣ በፖሊስ ጣቢያ ሰምታዋለች። ግን የቸገረው ሰው የሚሰማው መስማት የሚፈልገውን ነው፤ እሷም ደረጃውን ስትወጣ ልቧ ትንሽ ቀለል ብሏት ነበር።

ምሳ ላይ ዳታራም እንደ ልማዱ መጣ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚበላው ከሱላባ ቤት ነው። የማሽላ ቂጣና ድልህ አቀረበችለት። ክፍሏ አሥር እርምጃ አይሞላም፤ ሁለት ሰው ዝም ሲባባልባት ደግሞ ትጠባለች። ታናሿ ልጅ ማንጂሪ መድኃኒት ቤት ግማሽ ቀን ሠርታ ገብታ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ስልኳን ታያለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እሁድ ለትዳር የሚያያት ቤተሰብ ይመጣል፤ ያገኛቸው ዳታራም ነው። ከዚህ በፊት ሦስት ቤተሰብ መጥቶ ሻይዋን ጠጥቶ፣ የእህቷን ስም ሲሰማ ሄዷል። ዳታራም ቂጣውን እየቆረሰ፣ «ሽንኩርት ኪሎው ስልሳ ገባ አሉ» አለ። «ስልሳ አምስት» አለች ሱላባ። ከዚያ ሌላ የተነጋገሩት የለም። እጁን ሲታጠብ ግን ሳያያት፣ «ከልጁ ጋር ደረጃ ሥር ምን ነበር ወጉ?» አላት።

«ምንም፣ ጋሼ። ስለ ሳሙናው ነው።»

«ጥሩ። የቤት ገመና ለእንግዳ አይዘረገፍም፣ አንቺ ታውቂያለሽ» አለና አፉን በፎጣዋ ጠርጎ ወጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐዩ ግቢው ውስጥ ገብቶ ድንጋዩን መታው። እናት ሆና የምትሠራው ተዋናይት ቁጢጥ ብላ የመጀመሪያዋን ቢጫ ቀሚስ ማጠብ ጀመረች። አለቃቀሷ ያምራል፤ አስተጣጠቧ ግን ምንጣፍ የምታራግፍ ያስመስላታል። ሴቶቹ በረንዳው ላይ ሆነው አፋቸውን በሳሪያቸው ሸፈኑ። ፕራሚላ፣ «ይቺን ያገባ ሰው ሸሚዙን ለልብስ አጣቢ ይስጥ» አለች። ኡዳያንም አየ። ከካሜራው ሰው ጋር ተነጋገረና ወደ ሱላባ መጣ። ፊቷ እንደማይታይ፣ እጇን ብቻ በቅርበት እንደሚፈልጉ፣ እምቢ ብትል እንደማይቀየማት ነገራት። ሱላባ ፈጥና እሺ አለች፤ ፈጥና እሺ በማለቷ እሱም ደነገጠ። በልቧ የወጠነችው ነገር ነበር። ካሜራው ፊት ከቀረበች አፏን የሚይዛት የለም። ለካሜራ የነገሩትን ማን ያስተባብለዋል?

አንዲት የሜካፕ ሠራተኛ መጥታ እጇን ከጥፍሯ እስከ ክርኗ በዱቄትና በቅባት ቀባቻት። «ለምንድን ነው?» ብትላት፣ «የተዋናይዋ እጅ ቀላ ያለ ነው፣ እማማ፤ እንዲመሳሰል ነው» አለቻት። ሱላባ የራሷን እጅ እንደ ሌላ ሰው እጅ አየችው። ከዚያ ድንጋዩ ጋ ወርዳ ቁጢጥ አለች። ቀሚሱን ሰጧት። እርጥብ ነው፤ ክብደቱ ያው ነው። ሰማያዊው ሳሙና ከጎኑ ተቀምጧል። ካሜራው እጇ ላይ ሊደገፍ እስኪል ቀረበ። ዳታራም ወንበሩን አስጠግቶ ተቀምጧል፤ ማንጂሪ ከላይ በረንዳው ላይ ናት። «ቀጥሉ» ተባለ።

ሱላባ ሳሙናውን አሻሸች፣ ጨርቁን አጠፈች፣ በመዳፏ ጨመቀች። አረፋው ሮዝ ሆነ፤ ልክ እንደዚያን ማታ። ያኔ አፏ ተከፈተ።

«‹እጠቢው፣ ሱላባ› አሉኝ» አለች ጮክ ብላ። «‹ፖሊስ ይህን ካየ ስማችን ነገ የመንገድ ነው። ትልቋ እንደሆነች አለቀላት፤ ትንሿን ማን ያገባታል?› አሉኝ። ጋሼ ዳታራም ናቸው ያሉኝ። በራችን ላይ ቆመው። ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ። እኔ ሐኪም ቤት እንውሰዳት አልኩ፤ ‹መጀመሪያ እጠቢ› አሉኝ። እኔ አጠብኩ።»

እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ማጠቧን ግን አላቆመችም። በረንዳው ላይ ማንም አልሳቀም። ከሦስተኛው ፎቅ የአንድ ቤት ድስት ሦስት ጊዜ አፏጨ፤ ውጭ መንገድ ላይ ቆራሌው ይጮሃል። ዳታራም የያዘውን ጋዜጣ አራት ቦታ አጠፈው፤ ከዚያ አምስተኛ ሊያጥፈው ሲል እንቢ አለው።

«ይበቃል!» አለ ኡዳያን። ዓይኑ ረጥቧል። «እማማ፣ እጅዎ… እንደዚህ ያለ ነገር ቀርጬ አላውቅም። እባክዎ ሌላ ቀሚስ ይሰጥዎትና አንድ ጊዜ ይድገሙልን። ያንኑ እያሉ። ሲናገሩ ነው እጅዎ እንደዚያ የሚሆነው።»

ሱላባ ቀና አለች። «ገባ?» አለች። «ያልኩት ገባ?»

ኡዳያን መሬት መሬት አየ። የመለሰላት ፒንቶ ነው። ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ያን ፀጉራም እንጨቱን ግድግዳ አስደግፎ፣ በረንዳው ጥላ ሥር ሻይ ይጠጣል። «አይ፣ እማማ» አለ በደግነት። «የእጅ ምስል ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ ድምፅ አንቀዳም። ሙዚቃ ነው የሚገባበት። ቢናገሩም ባይናገሩም ችግር የለውም።»

ያኔ ነው ማራገቢያዎቹ ሁሉ ሲዞሩ የሰማችው። ሲዞሩ ነበር፤ አንዱንም ያጠፋ የለም። እሷ ናት ያላስተዋለችው።

ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዳታራምን እያየ ላለማየት ይሞክራል። እሱ ከወንበሩ ተነሳ፤ ሱላባ ይመታኛል ወይ ይወጣል ብላ ጠበቀች። ሰማዩን አየ፣ ጋዜጣውን ብብቱ ሥር አደረገ።

«ድገሚላቸው እንጂ» አላት። «ፀሐዩ ሳይሄድባቸው።»

ደገመችላቸው። ሁለተኛውን ቀሚስ ስታጥብ ቃሉን አለችው። ሦስተኛውንም። በአራተኛው ላይ ፕራሚላ ሽንኩርቷ አሮባት ወደ ቤቷ ገባች፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉ። በአምስተኛው ሱላባ ‹ጫማቸውን ሳያወልቁ› የሚለውን ረሳች፤ ኡዳያን ከካሜራው ኋላ ሆኖ በለሆሳስ አስታወሳት። በስድስተኛውና በሰባተኛው ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። እጇ ግን እንደተፈለገው ተንቀጠቀጠ። ሲያበቃ አጨበጨቡላት፤ የልብስ ኃላፊው ሰባቱን እርጥብ ቀሚስ በላስቲክ ከረጢት ከትቶ ሄደ፤ ሰማያዊውን ሳሙና ገና ግማሹ አለ ብሎ ለእሷ ተወላት።

ማምሻውን፣ መብራት ከመብራቱ በፊት፣ ማንጂሪ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ትለቅማለች። ጀርባዋን ለእናቷ ሰጥታለች። ሱላባ የእጇን ቅባት በጨርቅ ትፈገፍጋለች፤ ከመዳፏ ለቋል፣ ከክርኗ በታች ግን ገና ነጣ እንዳለ ነው። ዳታራም በሩ ላይ ታየ። አልገባም፤ ጫማውንም አላወለቀም። «እሁድ ሰዎቹ አራት ሰዓት ላይ ይመጣሉ» አለ። «ልጅቷ ቢጫ እንዳትለብስ።» የጫማው ድምፅ በእንጨቱ በረንዳ ላይ ሁለት በር ተቆጥሮ ጠፋ።

«ማን ያገባታል የተባለው እኔን ነው?» አለች ማንጂሪ ሳትዞር።

ሱላባ ክርኗን መፈግፈጓን ቀጠለች።

«አራት ዓመት ሙሉ ሳትነግሪኝ? እኔ ባልኖር ኖሮ ሐኪም ቤት ትወስጃት ነበር። አይደል? እኔ ባልወለድ ቀሚሱን አታጥቢውም ነበር።»

የልጅቷ ትከሻ ቀጥ ብሏል፤ ጣቷ አንዲት ጠጠር ይዞ ቆሟል። ቀኑን ሙሉ የሚሰማት አንድ ሰው ስትለምን የዋለችው ሱላባ፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል በእውነት የሰማቻት ይህች አንዲት ልጅ ብቻ እንደሆነች አሁን ገባት፤ ምነው እሷም ባልሰማች አለች በልቧ። እውነቱን ብትነግራት ልጅቷ እሁድ ለሰዎቹ ሻይ ስታቀርብ፣ ከዚያም በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ፣ የእህቷን ሞት በትሪው ላይ ይዛ ነው የምትዞረው።

«አጥበው ነበር» አለች ሱላባ።

«ማንም ባይልሽ?»

«ማንም ባይለኝ። የልጄ ልብስ ቆሽሾ እንዴት ይደር? እሳቸው ቢሉም ባይሉም እኔ ከራሴ ነው ያጠብኩት።»

ማንጂሪ ዞራ እናቷን አየቻት። አመነቻት። አምና ደግሞ ጠላቻት፤ ፊቷ ላይ ሁለቱም በግልጽ ይታዩ ነበር። ጠጠሯን በመስኮት ወርውራ ሩዙን ወደ ድስቱ ገለበጠች፤ ሱላባም ውሃ ልትጨምርላት ባልዲውን አነሳች።